የመራቂው ጥያቄ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እውነት ነው ስል ሌላው ሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ እንደሚምለው ዓይነት እውነት ማለቴ አይደለም፤ ሚዛን ላይ ቢያወጡት ሚዛኑን የሚሰብር እውነት ማለቴ ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ብገኝ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሁሉ ከነሥሩ ተነቅሎ እላዬ ላይ ይውደቅ፤ የካ ሚካኤልም ከሥሩ አያውጣኝ። ያልነበረ ሰው አይከራከረኝ።

እሑድ ጠዋት ነው። ኦቦ ነገሳ በገመድ ተጠፍሮ የታሰረ ቁም ሣጥን ፊት ቆመው «ክቡርነትዎ» ይላሉ። ቁም ሣጥኑ ዝም። «ክቡርነትዎ፣ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» ይላሉ። ቁም ሣጥኑ አሁንም ዝም፤ በእውነትም ባለሥልጣን ይመስላል። ቤቱ ውስጥ ከዚያ ቁም ሣጥን በቀር ቀጥ ብሎ የቆመ ዕቃ የለም። አልጋው ተፈታትቶ ግድግዳ ተደግፏል፣ ድስትና ሰሃኑ ጆንያ ውስጥ ገብቷል፣ የልጃቸው የምረቃ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ወርዶ በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ፎቶው የነበረበት ቦታ ብቻ ግድግዳው ላይ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጆንያው ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ኮት በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው ባላቸውን ያያሉ፣ አንድ ጊዜ ቁም ሣጥኑን ያያሉ፣ ምንም አይሉም። እኚህ ሴት ዝም ሲሉ ያላየ ሰው ዝምታ ምን እንደሆነ አያውቅም። የወረደ ጎርፍ ሽቅብ ይመልሳል ዝምታቸው።

ኦቦ ነገሳን የማያውቅ ካለ የካን አያውቅም። መራቂ ናቸው። መራቂ ስል ለሠርግና ለክርስትና ብቻ የሚጠሩ ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ። የውሃ ቧንቧ ሲመረቅ እሳቸው፣ ድልድይ ሲመረቅ እሳቸው፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሲመረቅ እሳቸው፣ ችግኝ ሲተከልም እሳቸው። ከእንጦጦ ግርጌ ተወልደው ገብስ ያረሱበት መሬት አስፋልትና ፎቅ የሆነባቸው፣ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ መጋዘን የጠበቁ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ሲጨርሱ መገጣጠሚያው አይታወቅም፤ ባለሥልጣናቱም የሚወዷቸው ለዚሁ ነው፣ ሁለት ሽማግሌ ከመጥራት አንድ ይቀላል። አንድ ጊዜ በጥር ወር ኩሬ ሲመርቁ «ሰማይ ይራራልን» ከማለታቸው የወረደው ዝናብ አንድ የባለሥልጣን መኪና ከየካ ጠርጎ ጉርድ ሾላ አድርሶታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ድምፃቸው ደግሞ፣ ማይክ የሚሰጣቸው ለወጉ ነው እንጂ፣ ቀና ብለው ከመረቁ ሱሉልታ ያለች ላም «አሜን» ትላለች።

ያን እሑድ ግን ለምርቃት ብቻ አልነበረም የሚሄዱት። ሰፈራችን ሊነሣ ነው። በየበሩ ቀይ ቀለም ከተቀባ ሰንብቷል፣ ዕቃ የሚጭኑት መኪኖች ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ ተብሏል። አንነሣም ያለ ሰው የለም። ምትክ ቤት በዕጣ ተሰጥቶናል፤ ዕጣ ግን ጎረቤት አያውቅም። አንዱን ከአያት ማዶ ጣለው፣ አንዱን ኮዬ ፈጬ፣ አንዱን ደግሞ ባለታክሲ እንኳ ስሙን ሰምቶት ወደማያውቀው ዳርቻ። አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረ ዕድር፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ሳይቀር፣ በአንድ ቀን እንደ አመድ ሊበተን ሆነ። ከሁሉ የከፋው የኦቦ ነገሳ ነው። ያላቸውን አንድ ልጅ ቀብረዋል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ አስም አለባቸው፤ ትንፋሻቸው እጥር ሲል የምትደርሰው ከፊት ለፊታቸው ሱቅ ያላት ኢልሃም ናት። የሚነፋውን መድኃኒት አፋቸው ላይ የምትይዝ፣ ከኋላ ደግፋ የምታስቀምጥ፣ መኪና ለምና አስፋልት ድረስ የምታወርድ እሷ ናት። ዕጣው ኢልሃምን ኮዬ ፈጬ፣ ሁለቱን ሽማግሎች ከአያት ማዶ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወረወራቸው። በመካከሉ ያለው መንገድ በእኔ ግምት እስከ ጅቡቲ ያደርሳል። ኦቦ ነገሳ የሚፈሩት ቤት ማጣትን አይደለም፤ ሰው በማያውቁበት ፎቅ ላይ ሚስታቸው እጃቸው ላይ ትንፋሽ አጥታ እንዳትቀርባቸው ነው። ጥያቄያቸው ይኸው ነበር፦ ቤታችንን ውሰዱት፣ እኛን ግን አንድ ላይ ውሰዱን።

ያን ቀን ደግሞ የተከበሩ አቶ ፋኑኤል፣ በከተማው ትልቅ ሰው ከሚባሉት አንዱ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሀገራዊ እሴቶች ከነዋሪው ጋር ሊወያዩ የሚመጡበት ቀን ነው። ውይይት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጠያቂው አስቀድሞ ይመረጣል፣ ጥያቄውም አብሮት ይመረጣል። ከእኛ ሰፈር የተመረጠ ጠያቂ የለም። ማይክ እጁ መግባቱ የማይቀር አንድ ሰው ብቻ አለ፣ እሱም መራቂው ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ። ቅዳሜ ኢልሃም ሱቅ ደጃፍ ቆመን ይህች ሐሳብ ስትመጣልን ኤሌክትሪክን የፈለሰፍን ነው የመሰለን። ኦቦ ነገሳ ብቻ አንገታቸውን ደፉ። በእሳቸው ወግ፣ ከአባታቸው እንደተቀበሉት፣ እርጥብ ሣር ጨብጦ የመረቀ ሰው የዚያን ቀን አቤት አይልም። መራቂ ከሳሽ አይሆንም። በመረቀበት አፍ ለራሱ የጠየቀ፣ ምርቃቱን መልሶ በላው ይባላል። ለስንቱ ባለሥልጣን ሲመርቁ ኖረው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ ለምነው አያውቁም። እኛም ወጉን አላጣነውም። ግን የጨነቀው ሰው ወግ አይመርጥም፤ እርስዎ ካልተናገሩልን ማን ይናገርልናል ብለን እግራቸው ላይ ወደቅን። እሺ አሉን። እሺ ሲሉ ፊታቸው የታረደ በግ ዓይን ይመስል ነበር።

ኮቱን ሲያለብሷቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ቃላቸውን ተናገሩ።

«እርጥብ ሣር ይዘህ ነው የምትጠይቀው?»

«ሣሩን አስቀምጬ እጠይቃለሁ።»

«አንተ ሣሩን ስታስቀምጥ ማይኩንም አብረህ ነው የምታስቀምጠው።»

በክፋት አልነበረም፤ ኮሌታቸውን እያቃኑ ነው ያሉት። ኦቦ ነገሳም አልተቆጡም። ወጥተው ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ውሃ ከሚያዥበት ቦታ፣ እፍኝ የማትሞላ ሣር ነጭተው በመሐረብ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ። ኢልሃም ሱቋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። መደርደሪያዋ ባዶ ነው፤ የቀረውን ሳሙናና ዘይት ላለመጫን በቅናሽ ሸጣዋለች። ቅናሽ ስላችሁ ግን የዘይቱ ዋጋ ከወርቅ አንድ ጣት ዝቅ አለ ማለቴ ነው። ለእማማ ወለተጊዮርጊስ የመንገድ ብስኩት ሰጠቻቸው፣ ኦቦ ነገሳን ደግሞ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ ስለ ሱቋ ምንም እንዳያነሡ፣ ጥያቄ ሲበዛ ሰው እንደሚሰለች፣ እማማ ከአጠገቧ ቢሆኑላት ሌላው እንደሚቀር ነገረቻቸው። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሎች በኮረኮንቹ ቁልቁል ወረዱ። ታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ ሽንኩርት ያወራል። አንዲት ሴት ኪሎ ሽንኩርት ከመግዛት ዝም ብሎ ማልቀስ ይረክሳል አለች፤ ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ኦቦ ነገሳ አልሳቁም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የታክሲውን ሂሳብ ከፍለው በመስኮት ያያሉ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ዐሥር ሺህ ይሆናል፤ ቢያንስ። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው በሰው ላይ ተደርቧል፣ ከመታፈኑ የተነሣ የኋለኛው ረድፍ ተራ በተራ ነበር የሚተነፍሰው። ማዕዶት የምትባል፣ ዝግጅቱን የምታስተባብር ፈጣን ልጅ፣ ሁለቱን ሽማግሎች ፊት ለፊት ሶፋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ለኦቦ ነገሳ ለካሜራ የሚሆን ጥልፍ ካባ ከላይ ደረበችላቸውና፣ «አባባ፣ ዛሬ አጠር ትበል፤ በኦሮምኛ ትንሽ፣ በአማርኛ ትንሽ። መዝጊያውማ ከዚያም ታጥራለች፣ ክቡርነታቸው ሌላ ፕሮግራም አለባቸው» አለቻቸው። ለእጃቸው የሚሆን ሣርም አዘጋጅታለች። ፕላስቲክ ነው። ኦቦ ነገሳ ፕላስቲኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ አመስግነው ለሚስታቸው ሰጡና መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ተነሥተው መረቁ። ሕፃን ይደግ፣ እህል ይርከስ፣ የተጣላ ይታረቅ፣ የወጣ በሰላም ይግባ አሉ። ሕዝቡ በኦሮምኛ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን ሲላቸው፣ «አሜን» ሲላቸው፣ የአዳራሹ መስታወት ዘጠኝ ቦታ ተሰነጠቀ።

ከዚያ አቶ ፋኑኤል ተናገሩ። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ሰውየው ጥሩ ይናገራሉ። ወረቀት አላዩም። ሀገር በበጀት አትቆምም፣ በጀት ያልቃል አሉ፤ ሀገር የምትቆመው ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያውቅ ነው፣ መተሳሰብ፣ ታላቅን ማክበር፣ አብሮ መቅበር፣ እነዚህ ከውጭ በዕርዳታ የማይመጡ ሀብቶቻችን ናቸው አሉ። መንገድ የሚሰፋው ለመኪና ብቻ እንዳልሆነ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እናታቸው የሞቱት አምቡላንስ ሊገባበት ባልቻለ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጎረቤት በጋቢ አድርጎ እስከ አስፋልት ሲሸከማቸው መንገድ ላይ አረፉ። ድህነትን ቅርስ አናድርገው አሉ። ኦቦ ነገሳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእኛም ሰፈር እንደዚያው ነውና ሰውየው አልዋሹም። ጥያቄያቸው ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ መቀመጫው ይቆረቁራቸው ጀመር። አቶ ፋኑኤል ግን ቀጠሉ። ከእሴቶቻችን ሁሉ የሚበልጠው ልመናን መጠየፍ ነው አሉ። መንግሥት አባት አይደለም፣ ሁልጊዜ ስጠኝ የሚል ዜጋ ሀገር አይሠራም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሶፋው ዘረጉ። «እኚህን አባት እዩአቸው። ስንት ዓመት መርቀውናል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ለራሳቸው ጠይቀውን ያውቃሉ? እሴት ማለት ይህ ነው።» ዐሥር ሺህ ሰው አጨበጨበ። ካሜራው ወደ ኦቦ ነገሳ ፊት መጣ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የባላቸውን እጅ ይዘው ነበር፣ እጁ ቀዘቀዘባቸው።

የተመረጡት ጠያቂዎች የተመረጠውን ጠየቁ። አንዱ ወጣቱን በእሴት እንዴት እንቅረጸው አለ፣ ሌላዋ ይህን የመሰለ መድረክ በየወሩ ቢኖረን አለች። ማዕዶት ሰዓቷን አየች፣ ወደ ሶፋው ጎንበስ አለች፣ መዝጊያው ደረሰ አለች፣ ማይኩን ኦቦ ነገሳ እጅ ውስጥ አስገባችው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው እንደ ጨው ይሟሟ ነበር። ኦቦ ነገሳ ግን ተነሡ። ሲነሡ ካባው ከትከሻቸው ወደቀ፣ ቁመታቸውም ጣራውን የነካ መሰለ። ሣሩን ለሚስታቸው አቀበሉ፤ ባዶ እጃቸውን ለሕዝቡ አሳዩና፣ ዛሬ በአባቴ ወግ ላይ እቆማለሁ፣ ይቅር ይበለኝ አሉ። ማዕዶት ጎተተቻቸው፤ ተራራ የሚጎትት ማን ነው?

«ክቡርነትዎ» አሉ፣ «እናትዎን በጋቢ የተሸከሟቸው ጎረቤቶች ናቸው ብለዋል። ነፍሳቸውን ይማር። የእኔን ሚስት ማን ይሸከማት? መንገዱ ሰፍቶ አምቡላንስ ይገባል ብለዋል፣ እሰየው። አምቡላንሱን የምትጠራው ልጅ ግን ኮዬ ፈጬ ናት፣ እኛ ከአያት ማዶ ነን። ልመና አይደለም። ቤቱን ውሰዱት። እኛን አንድ ላይ ውሰዱን።»

አዳራሹ ፀጥ አለ። ዝንብ ስትበር ክንፏ ተሰማ፤ ኋላም ዝንቧ ራሷ አፍራ ዐረፈች። ከዚያ ዐሥር ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጭብጨባው መገናኛ ተሰምቶ የትራፊክ ፖሊሱ መኪና አስቆመ። አቶ ፋኑኤል መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከመድረክ ወርደው የኦቦ ነገሳን ጉልበት ሳሙ። እዚያው ቆመው ስልክ ደወሉ። ማን ጋ እንደደወሉ አልተሰማም፣ ከእሳቸው በታች ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ሲያወሩ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። የሰኞው ይቁም አሉ። ሰፈሩ ከነዕድሩ፣ ከነድንኳኑ፣ በአንድ ሕንፃ ይግባ አሉ፤ የኢልሃም ቤት ከሽማግሎቹ ቤት ጋር በር ለበር ይሁን አሉ፤ ሁሉም ምድር ቤት ላይ። ማዕዶት ከማልቀሷ ብዛት ማይኩ ረጥቦ ሥራ አቆመ። ሌላው ቢቀር ይህንን አትጠራጠሩ።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ሁለቱም ቃል አልተነፈሱም። ድል ያደረገ ሰው ዝም ይላል፤ የሚለፈልፈው የተሸነፈ ነው። ኦቦ ነገሳ በመስኮት በኩል ተቀምጠው ጭብጥ ያደረጉትን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ብስኩቱን ከፍተው አንዱን ሰጧቸው፤ ተቀብለው ያዙት እንጂ አልበሉም። ደስታ ምግብ ይከለክላል። ከታክሲው ወርደው ሽቅቡን ሲጀምሩ እማማ ደከማቸው፤ በየድንጋዩ ተቀመጡ፤ እሳቸው በተቀመጡ ቁጥር ኦቦ ነገሳ ከአጠገባቸው ቆመው ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ «ወለቴ» አሉ። እሳቸውም «አቤት» አሉ። ከዚያ ኦቦ ነገሳ መንገዱን ማየት ጀመሩ።

ከላይ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። ስንቱን ፊት ልንገራችሁ? ልጅ ያዘለች አለች፣ ዕድሜ ልኩን አልጋ ላይ የነበረ ሽማግሌ በወንበር ተሸክመውት መጥቷል፣ እኔም ነበርኩ። የታሰሩት ፍራሾች በየደጁ ተደርድረዋል። ሁሉም ዓይኑን ኦቦ ነገሳ አፍ ላይ ተክሎ ነበር የሚጠብቃቸው። ኢልሃም ቀድማ ወረደችና እማማን በክንዳቸው ያዘች፣ ሽቅብ ወደ ኦቦ ነገሳ ቀና ብላ፣

«ኦቦ፣ ነገሩልን?» አለች።

ኦቦ ነገሳ እሷን አዩ፣ የያዘችውን የሚስታቸውን ክንድ አዩ፣ እኛን ሁላችንን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ እኔ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገሩን፤ ዝንቧን፣ መነጽሩን፣ ጉልበት መሳሙን፣ ስልኩን። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር፤ እኛ «እሰይ» ባልን ቁጥር ድምፃቸው እየጠነከረ፣ አዳራሹ እየሰፋ፣ ሕዝቡም እየበዛ ሄደ። ኢልሃም ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ጎረቤት የነቀለውን ቆርቆሮ መልሶ ሊመታ መዶሻ ይዞ ጣራው ላይ ወጣ፣ ሌላው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ቤት መለሰ፣ እኔም አልጋዬን ልገጥም ብሎን ፍለጋ ተነሣሁ። ያን ያህል የተደሰተ ሰፈር በዓለም ላይ ታይቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ጣራ ላይ ያለው ሰውዬ ግን መዶሻውን አቆመ።

«ተዉ፣ ዕቃችሁን አትፍቱ» አሉ። «እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። መጨረሻ ላይ ማይኩን ሰጡት፤ ያዘ፤ ሰውየውን አየው። ሣሩን እንደያዘ በኦሮምኛ መረቀ፣ በአማርኛ መረቀ፣ ተቀመጠ። ያለቀሰም፣ የደወለም የለም። ሰውየው አጨብጭቦለት መኪናው ውስጥ ገባ። እኔም እስከ መጨረሻው ይናገራል ብዬ ነበር።»